ባንዳውን ማን ይጫወት?

ደባርቅ ላይ ታሪክ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብም የእኔ ኃላፊነት ነው፤ ችሎታ ኖሮኝ ሳይሆን ሌላ የሚፈልገው ሰው ስለጠፋ ነው። በየዓመቱ ለአርበኞች ቀን አንድ ተውኔት እናሳያለን፤ ታሪኩም ሁልጊዜ ያው ነው። ጣሊያን ይመጣል፣ አርበኛው ዱር ይገባል፣ ባንዳው ለጣሊያን መንገድ ይመራል፣ በመጨረሻ ባንዳው ይገደልና ሕዝቡ እልል ይላል።

አርበኛ ለመሆን ተማሪው ይጋፋል። ጣሊያን ለመሆንም ችግር የለም፤ ባርኔጣ ያደርጋል፣ ይንጎራደዳል፣ ያስቃል። ባንዳ የሚሆን ግን አይገኝም። አንድ ዓመት ባንዳ ሆኖ የተጫወተው ልጅ ትምህርቱን እስኪጨርስ ድረስ "ባንዳው" እየተባለ መከራውን በላ። ከዚያ ወዲህ የጠየቅኩት ሁሉ እምቢ ይለኛል። የአንዷ ተማሪ አባትማ ቢሮ ድረስ መጥቶ "እኛ የአርበኛ ዘር ነን" ብሎኝ በቁጣ ወጣ።

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከያዘኝ አይለቀኝም። እናቴ ጥያቄህ እንደ ቁንጫ ነው ትለኛለች። አንድ ቀን ልምምድ ላይ "ለመሆኑ ይሄ ሰውዬ ለምን ባንዳ ሆነ?" ብዬ ተማሪዎቹን ጠየቅኩ።

"ለሆዱ ነዋ ቲቸር!" አሉኝ ባንድ አፍ።

መልሱ አልጣመኝም። ደባርቅም ዳባትም ሽማግሌ ባገኘሁ ቁጥር እየጠየቅኩ አደከምኳቸው። የጠየቅኩት ሁሉ የአርበኛ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ደስ ይላል። ግን ጣሊያን ሊማሊሞ አፋፍ ላይ መሽጎ ሲዋጋ ከጎኑ ሆነው የተኮሱት ያገሬ ሰዎች የት ገቡ? ልጅ አልወለዱም?

ይህንኑ እየሳቅኩ ለእናቴ አወራሁላት። ምስር እየለቀመች ነበር። እጇ ቆመ።

"ወልደዋል እንጂ" አለች። "እኔን።"

ስለ አያቴ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት "በጣሊያን ጊዜ ሞተ" የሚለውን ብቻ ነው። በእኛ አገር በጣሊያን ጊዜ የሞተ ሁሉ አርበኛ ስለሆነ ከዚያ በላይ ለመጠየቅ እንኳ አስቤ አላውቅም፤ ያን ሁሉ ጠያቂነቴን ይዤ።

"ከጎረቤቱ ጋር የወሰን ጠብ ነበረበት" አለችኝ። "ወንድሙንም ገድሎበታል። ጣሊያን ሲመጣ ያ ባለጋራው ቀድሞ ዱር ገባ፤ ባለ ጠመንጃውም ሁሉ ተከተለው። አባቴ ወዴት ይሂድ? ዱር ቢገባ የወንድሙ ገዳይ ያለው እዚያው ነው። ወደ ምሽጉ ሄደ።"

"ሰውዬው ቀድሞ ለጣሊያን ቢያድር ኖሮስ?"

"ያን ጊዜማ አያትህ አርበኛ ነበራ! አንተም ደረትህን ነፍተህ ትሄድ ነበር።"

ጣሊያን እጁን ሲሰጥ አያቴ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ደጁ ላይ ገደሉት። እናቴ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። ለባንዳ ለቅሶ የሚደርስ ስለሌለ ሚስቱ እንኳ ድምፅ አውጥታ አላለቀሰችለትም፤ ልጇን አዝላ ማንም ወደማያውቃት ወደ ዳባት መጣች። እናቴ ይህን ለአባቴም እስኪሞት ድረስ አልነገረችውም።

"አደራህን፣ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ" አለችኝ።

አላፈርኩም ብል ውሸት ነው። ግን ከሀፍረቱ ይልቅ ነገሩ ገረመኝ። በክፍል ውስጥ የጦርነትን መንስኤዎች ሰሌዳ ላይ በተራ እየጻፍኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ የወሰን ጠብ የሚል ጽፌ አላውቅም።

ባንዳውን ራሴ ለመጫወት ወሰንኩ። አንድ ንግግር ልጨምርበት ብዬ እናቴን አስፈቀድኳት። "ስም ካልጠራህ የፈለግከውን በል" አለችኝ። እንዳትመጣ ግን ለመንኳት።

መጣች። ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠች።

ልገደል ስል ንግግሬን ተናገርኩ። "ዱር እንዳልገባ የወንድሜ ገዳይ ዱር ነው። እናንተስ ብትሆኑ የት ትገቡ ነበር?" አልኩ። ከኋላ አንዱ "ሆዳም!" ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ ሳቀ። ከመጋረጃው ጀርባ ጣውላ በጣውላ ተመታ፤ ተኩሱ መሆኑ ነው። ወደቅኩ። ግቢው በእልልታ ተናጋ።

በእልልታው መሀል አንድ ድምፅ መጣ። "አባቴን! ወይኔ አባቴን!"

ድምፁን አወቅኩት። ሞቻለሁና ቀና ማለት አልቻልኩም፤ ባንድ ዓይኔ አጮልቄ አየሁ። እልልታው ቀስ በቀስ ጠፋ። የአባታቸውን ሜዳልያዎች ደረታቸው ላይ የደረደሩ አንድ ሽማግሌ ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ እናቴ ሄዱ።

"አይዞዎ እህቴ፣ የጀግና ልጅ አያለቅስም" አሏት። "አባትዎ ከማን ጋር ነበር የዘመቱ?"

ዝም ብትል ይበቃ ነበር። እንባዋን ብትጠርግና ራሷን ብትነቀንቅ የአርበኛ ልጅ ሆና ወደ ቤቷ ትገባ ነበር። ዝም በዪ፣ ዝም በዪ እያልኩ በልቤ ለመንኳት።

"ምሽጉ ውስጥ ነበረ" አለች። "አባቴ ባንዳ ነበረ። ያለቀሰለት የለም፤ እስቲ እኔ ላልቅስለት።"

ሽማግሌው ይሰድቧታል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ከጎኗ ተቀመጡና አንገታቸውን ደፉ።

"እግዜር ያጥናዎ" አሏት።

ከኋላዋ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። አንዷ መጥታ ትከሻዋን አቀፈቻት፤ እናቴም ድምፅዋን ለቀቀችው። አርበኞቹ ተማሪዎች የእንጨት ጠመንጃቸውን እንደያዙ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። በዓይኔ ዝም እንዲሉ ነገርኳቸው። እኔም ከወደቅኩበት አልተነሣሁም፤ ብነሣ ለቅሶው የሚቋረጥ መሰለኝ።