ዘጠነኛው ዙር

የጋይንቷ ሐረገ ወይን በስፌት እጀ ወርቅ ነበረች። ጣሊያን በወጣ በዐሥረኛው ዓመት ግን ዓይኗ እየፈዘዘ ሄዶ ጭራሹን ጠፋ፤ ጠበሉም አልመለሰላትም። እሷ እቴ፣ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የት ታውቅና! ነገሩን ሁሉ እንዴት ነው ብላ ካልጠየቀች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ወስፌዋን አላስቀመጠችም።

ጎረቤቷ ፋንቱ ለልጇ ለአስካለ ሠርግ ሙዳይ እንድትሰፋላት ለመነቻት። ሐረገ ወይን ያሰበችው ጥለት ቀላል ነው፤ በመጀመሪያው ዙር አንድ ቀይ ስፌት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ የቀረው ሁሉ ነጭ። ቀዩ እንደ ደረጃ እየሰፋ ይወጣል። ዓይን ላለው የታችኛውን ዙር አይቶ መቀጠል ነው። እሷ ግን ከመጀመሪያው ስፌት አንስታ ሳታቋርጥ ቆጠረች። ሁለት መቶ ምናምን ላይ ቁጥሩ ጠፋባትና በግምት ጨረሰችው።

ፋንቱ አይታ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ፣ ምን የመሰለ ነው!» አለች። እውነቱን ያወጣችው አስካለ ናት።

«እትዬ፣ ኩፍኝ የወጣበት ነው የሚመስለው» አለቻት።

ሐረገ ወይንን ያንገበገባት የስፌቱ መበላሸት አይደለም፤ ፋንቱ አዝናላት መዋሸቷ ነው። እውነት የሚነግራት ከጠፋ፣ መስፋት መቻል አለመቻሏን በምን ታውቃለች? ሙዳዩን ፈታችው።

ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። የቤተ ልሔም ደብሩ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በደጇ ሲያልፉ ያዘቻቸው።

«መሪጌታ፣ እናንተ ያን ሁሉ ዘመን ስትቆጥሩ እንዴት አይጠፋባችሁም?»

መሪጌታ ጥያቄዋ እንደማያልቅ ያውቃሉና ቶሎ መገላገል ፈለጉ። «ዛሬ ምንድን ነው?» አሏት።

«የጾሙ ሁለተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ።»

«ዐሥረኛ ቀን ለምን አላልሽም?»

«ሳምንቱ ሲያልቅ ቀኑ እንደገና ከሰኞ ይጀምራላ! ወደፊት የሚሄደው ሳምንቱ…» አለችና ሳትጨርሰው ጣቶቿን ትቆጥር ጀመር። መሪጌታም ዕድሉን አግኝተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ዙሩ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ክር አሰረች። ቀዩን አለላ በቀኝ፣ ነጩን በግራ አስቀመጠች። ጣቷ ክሩን በነካ ቁጥር አንድ ባቄላ ዋንጫ ውስጥ ትጥላለች፤ ባቄላዎቹን ትዳስስና እንደገና ከአንድ ጀምራ በእነሱ ልክ ቀይ ትሰፋለች። ከዚያ እስከ ክሩ ድረስ ነጭ። ክሩ ጋ ስትደርስ የስፌቱን ቁጥር ትረሳዋለች፤ ባቄላው ግን ዋንጫው ውስጥ አለ። ሁለት ትንንሽ ቁጥር፣ አንዱ በአንዱ ሆድ ውስጥ። «ይኸው ነው እንዴ?» አለች ለራሷ፣ ደስ ብሏት። «እኔ እኮ ዓይኔ የሚሰፋ ይመስለኝ ነበር።»

ዐሥር ዙር ስትጨርስ ፋንቱን አስጠራች።

«እሰይ፣ ምን የመሰለ…»

«ምርቃቱን ተይውና ቁጠሪልኝ። ከታች ሰባተኛው ዙር ላይ ስንት ቀይ አለ?»

«ሰባት» አለች ፋንቱ።

«ዘጠነኛው ላይስ?»

ፋንቱ ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ሐረገ ወይን ጠበቀች።

«ስምንት ነው፣ እቴ» አለች ፋንቱ በመጨረሻ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ጎድሏል።»

ሐረገ ወይን ሳቀች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። ዘጠነኛውን ሆን ብላ ነበር ያጎደለችው። ስምንቱን ስምንት ያለች ሴት፣ ሰባቱንም ሰባት ያለችው እውነቷን ነው።

«በይ አምጪው» አለች እጇን ዘርግታ። «እስከ ዘጠነኛው ዙር ድረስ ልፍታና ላስተካክለው፤ ሠርጉ ገና ነው።»