ከሲጃራ ፓኮ የወጡት ሟቾች

እናትነሽ የምትኖረው ሆላንድ ውስጥ ሮተርዳም፣ የምትሠራው ዴን ሃግ ነበር። በ1984፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሜኔር፣ በኛ አቶ፣ ደከር የሚባሉ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሽማግሌ ቤት ተቀጠረች። ታጥባቸዋለች፣ ታበስልላቸዋለች፣ ቤት ታጸዳለች።

በመጀመሪያው ቀን ሽማግሌው ቁጭ አድርገው አልበም ሰጧት። እንግዳን አልበም ማሳየት የኛ የሐበሾች ወግ ብቻ ይመስላት ስለነበር ደስ አላት። ውስጡ ከመዳፍ ባነሱ ካርዶች ላይ አሥራ አንድ ሴቶች አሉ፤ ወገባቸው ጥብቅ፣ ባርኔጣቸው ላባ የበዛበት። ከሥራቸው ስማቸው ተጽፏል።

«አብሬያቸው ነው ያደግሁት። ዛሬ አንዷም የለችም» አሏት።

አክስቶቻቸው መሰሏት። ማን ይፈርድባታል? እኛ ቤት አልበም ውስጥ የሚገባው ዘመድ ነው። ስሞቹን ወረቀት ላይ ገልብጣ ለቄሳችን ለአባ ገብረሥላሴ ሰጠቻቸው።

«አባ፣ አስታዋሽ የሌላቸው ሙታን ናቸው፤ በጸሎት ያስቡልኝ።»

ያን ጊዜ ለቅዳሴ የምንሰበሰበው በተውሶ አዳራሽ ነበር። አባ በፈረንጅ ስም እየተደናቀፉ አሥራ አንዱንም ጠሩ። እኛም ነፍስ ይማር አልን።

አንድ ቅዳሜ የወደብ ሠራተኛው ዘርኣይ የሽማግሌውን ቁም ሳጥን ሊያነሳላት አብሯት ሄደ። አልበሙን ሲያገላብጥ የአንዷ ሙጫ ለቀቀና ካርዷ ወደቀች፤ ጀርባዋ ላይ ያለው የሲጃራ ማስታወቂያ ነው። ሽማግሌውን ቢጠይቃቸው ሳይደብቁ ነገሩት። አባታቸው ትምባሆ ሻጭ ነበሩ። ከመቶ ዓመት በፊት ፋብሪካዎቹ ደንበኛ እንዲለምድላቸው በየፓኮው የተዋናይት ሥዕል ይከቱ ነበር፤ አባትየው ሰብስበው ለጠፏቸው። ልጁም እናቱን ሳያውቅ እነሱን እያየ አደገ።

እሑድ ዘርኣይ ለሰው ሁሉ አወራው። ትምባሆ ደግሞ በእኛ ዘንድ እንኳን ለጸሎት ለወሬም ነውር ነው። «እናትነሽ፣ የኒያላዋስ ተዝካር መቼ ነው?» እያሉ በአገር ቤቱ ሲጃራ ስም ሳቁባት። እኔም ስቄያለሁ፤ አሁን ያሳፍረኛል። አባ ግን ተቆጡ፦ «ሁለተኛ ስም ይዘሽብኝ እንዳትመጪ!»

ሰው ፊት እንዲህ ተዋርዳ አታውቅም። አለቀሰች። የማንንም ስም ላትሰጥ ማለች።

ሰኞ ሽማግሌውን በቁጣ ተናገረቻቸው። እሳቸው የጠየቋት ግን አንድ ነገር ነው።

«በእውነት ስማቸው ተጠራ?»

«አዎ፣ የሁሉም።»

«እኔንስ ማን ይጠራኛል?» አሉ።

በዚያው ክረምት ሞቱ። ከቀብር አስፈጻሚዎቹ በቀር መቃብሩ አጠገብ የቆመችው እሷ ብቻ ነበረች።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዛ አባ ፊት ስትቆም አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አያት። አንዳንዱ ሳቁን ለማፈን አፉን በነጠላው ሸፍኗል።

አባ ወረቀቱን ሳይነኩ አዩት።

«እኚህስ ከየትኛው ፓኮ ወጡ?»

«እኚህ ዘመዴ ናቸው፣ አባ። ያጠብኳቸውም የቀበርኳቸውም እኔ ነኝ።»

አባ እጃቸውን ዘርግተው ወረቀቱን ተቀበሏት።