የሩቂያ አውሬ

ባለፈው ሰሞን አሶሳ ካለው ቤቴ አጥር ማዶ የእንስሳት ሐኪም የጎረቤቴን ጥጃ ቀንድ በጋለ ብረት ሲተኩስ፣ ያ የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ግቢዬን ሞላው። ከባምባሲ ልትጠይቀኝ የመጣችው ታናሽ እህቴ ሩቂያ በሻሿ ጫፍ አፍንጫዋን ሸፈነች፤ እኔ ግን ሳቄ መጣና «ያ አውሬሽ ትዝ አለሽ?» አልኳት።

«የቱ አውሬ?» አለችኝ።

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አትቀልድም። መንደሩን ሁሉ ያስደነገጠ፣ አባታችንን ከሽማግሌ ፊት ያቆመ ነገር ከራሷ ከሩቂያ ልብ እንዲህ ተጠርጎ ይወጣል?

ልጆች ሳለን የምንኖረው ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለች የሰፈራ መንደር ነበር። አባታችን ይማም በደርግ ጊዜ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው፤ ቁጥብ፣ ዝምተኛ፣ ከሞፈርና ከቀንበር በቀር በእጁ ሌላ ነገር ሲሠራ አይተነው የማናውቅ ሰው። ቤታችን ገና ቆርቆሮ መልበሱ ነበርና ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ጣራው ቀጭ፣ ቋ ይላል፤ ከላዩ የበሰለ ማንጎ ሲወድቅበትማ ሰማይ የተደረመሰ ይመስላል። ሩቂያን ወባ የጣላት በዚያው ወቅት ነው። ትኩሳቱ ሲወጣባት «መጣ! ጣራው ላይ እየሄደ ነው!» እያለች እናታችን ጉያ ውስጥ ትወሸቃለች። አባቴ ወጥቶ ጣራውን አይቶ ይመለስና «ምንም የለም ልጄ፣ አብሽሪ» ይላታል። የጤና ጣቢያው ክኒን ትኩሳቱን አወረደላት፤ ፍርሃቱን ግን አላወረደውም። ከዳነችም በኋላ ከቀትር በኋላ ቤት አልገባም አለች፣ እህል እምቢ አለች፣ እንደ በጋ ጥጃ ከሳች።

አንድ ቀን አባቴ ማንጎው ጥላ ሥር ከፊቷ ቁጢጥ አለና «አንገቱ እንዴት ያለ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

እናቴ ክው አለች። «ወየው ጉዴ! ከልጅ ጋር አብሮ ይቃዣል እንዴ?»

እሱ ግን መጠየቁን አልተወም፤ ሩቂያም እየተንቀጠቀጠች መለሰችለት። አንገቱ እንደ ሽመላ የረዘመ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ክንፉ እንደ ቆርቆሮ የሚንጫጫ፣ አፉ በጥርስ የተሞላ። አባቴ ጫካ ሲመነጥር አግኝቶ ግድግዳችን ላይ የሰቀለውን የአጋዘን ቀንድ አወረደና፣ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ወደ ረመዳን ሄደ።

ረመዳን መጥረቢያና መቆፈሪያ የሚቀጠቅጥ የበርታ ሰው ነው። ለአማርኛው ሴትና ወንድ አንድ ነበሩና እኛን ሴቶቹን «አንተ» እያለ ሲጠራን በሳቅ እንሞት ነበር። ምሳ ይዤላቸው ስሄድ ያየሁትን እስከ ዛሬ ማመን ይቸግረኛል። አባቴ፣ ያ አባቴ፣ ቀንዱን በውሃ ቀቅሎ፣ የተቃጠለ ፀጉር እየሸተተ በፍም አለስልሶ ጎንበስ ብሎ በቢላ ጥርስ ይቀርጻል! ሰፈራው ሲጀመር መጥቶ ሜዳ ላይ ዝጎ ከቀረው ትራክተር የተቆረጠው ቆርቆሮ ክንፍ ሆኗል፤ ሰንሰለቱ ጅራት ሆኗል፤ የጋለው ዘንግ ከረመዳን መዶሻ ሥር አንገት እየሆነ ይቆለመማል። ረመዳን ቀና ብሎ ያየውና «ይማም፣ ልጁ ‹አፉ ትልቅ› ብሏል። ይሄ የፍየል አፍ ነው» ይላል፤ አባቴም ያለ ቃል እንደገና ይቀርጻል።

ያለቀ ቀን በጆንያ ጠቅልለው አምጥተው ግቢያችን መሐል ገለጡት። እናቴ ሰፌዷን ከነማሽላው ለቀቀችው፤ ዶሮዎቹ ተበተኑ፤ እኔ ታላቋ ከበሩ ኋላ ተደበቅሁ። ሩቂያ አመድ መሰለች። ከዚያ አንድ እግሯን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች፣ ደረሰችና ጣቷን ጥርሶቹ መሐል ከተተች።

«እሱ ነው» አለች። ቆይታም «እንዲህ ትንሽ ነው እንዴ?»

ረመዳን ከሳቁ ብዛት መሬት ላይ ተቀመጠ።

ወሬው ግን ሳይነጋ መንደሩን አዳርሶ፣ በማግስቱ ሼሁ ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። አውሬውን ሲያዩ እሳቸውም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። «ይማም፣ ነፍስ ያለው ነገር ምስል በደጅህ? ጣዖት ሠራ እያሉህ እኮ ነው!»

አባቴ አፍሮ አቀረቀረ።

«ጣዖት አይደለም ሼህ» አለ ወሬውን ሰምቶ የመጣው ረመዳን። «ወባ ነው።»

ሼሁ ፈገግታቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁት፤ ነገሩን አወጡ አወረዱና ራሱ ይቆረጥ፣ ራስ ከሌለው ምስል አይባልም፣ ብረት ነው አሉ። አባቴ መጋዙን አነሳ። ያን ሁሉ ጥርስ አንድ በአንድ በቀረጸ እጁ አንገቱን ያዘ። ያኔ ሩቂያ መጥታ ከፊቱ ቆመች።

«እኔ ልቁረጠው። የኔ ነው።»

አባቴ መጋዙን ሰጣት። ያቺ አጥንቷ የወጣ ልጅ ምላሷን ነክሳ፣ የቀንዱ ነጭ ዱቄት በእግሯ ላይ እየዘነበ፣ ከብረቱ አንገት በላይ ያለውን እያረፈች ስትገዘግዘው ሽማግሌዎቹ ቆመው ጠበቁ፤ ራሱ ወድቆ ሲንከባለል የጮህኩት እኔ ነኝ። እሷ መጋዙን መልሳ እጇን ጠረገችና እናቴን «ራበኝ» አለቻት። በዚያው ቀን ከቀትር በኋላ፣ ጣራው ቋ ቀጭ እያለ፣ ለጥ ብላ ተኛች። እንደዚያ እንቅልፍ ያስደነገጠኝ ነገር የለም፤ ደጋግሜ እየገባሁ መተንፈሷን አይ ነበር።

አባቴም ረመዳንም ዛሬ የሉም። ካደግሁ በኋላ አንዴ፣ ያን ነገር ምን አሠራህ ብዬ አባቴን ጠይቄው ነበር። «‹ምንም የለም› ስላት፣ ከሱ ጋር ብቻዋን ነው የተውኳት» አለኝ።

አሁን የልጅ ልጄ ፈርቶ ሲያለቅስ የስልኬን መብራት ጥግ ለጥግ አሳይቼ «ይኸው፣ ምንም የለም» እለዋለሁ፤ ጊዜ የለኝማ። ጊዜውስ ቢገኝ፣ በዚህ አጥር ለአጥር በተያያዘ ከተማ ውስጥ ደጁን አንኳኩቼ «እሳትህን አቀጣጥል፣ የልጁን ፍርሃት እንሥራለት» የምለው ጎረቤት የለኝም።