ስለ ሌላ ልጅ ጻፉልኝ

ሁለተኛ ዲግሪዬን ለመያዝ አራት ክረምት ተመላልሻለሁ። የቀረኝ የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነበር፤ እሱ ካልጸደቀ አራቱንም ክረምት ውሃ በላቸው ማለት ነው። ርዕሱን የመረጥኩት በእልህ ነው። ቡሬ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር በየስብሰባው የምሰማው አንድ ነገር ነበር፤ «የገጠር ልጅ እንግሊዝኛ አይገባውም።» እኔ ራሴ የጅጋ ገጠር ልጅ ነኝ። ይህን የሚሉት ሰዎች ፊታቸው መቀመጤን ረስተው ይሁን ወይም ለእኔው እየነገሩኝ ይሁን ለይቼ አላውቅም። ብቻ ደሜ ይፈላል። ልጆቹ ስለ ቋንቋው ምን እንደሚያምኑ፣ ፈተናችንንም እንዴት እንደሚያዩት ከራሳቸው ሰምቼ፣ በወረቀት አስደግፌ የእነዚያን ሰዎች አፍ ላስይዝ ቆረጥኩ።

መጠይቁን በአማርኛ አዘጋጀሁት። ሠላሳ ዓረፍተ ነገር አለው፤ በእያንዳንዱ ጎን አምስት ሳጥን፣ «በጣም እስማማለሁ» ከሚለው እስከ «በጭራሽ አልስማማም»። ቡሬ መብራት ስለጠፋ ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄጄ አባዛሁትና በፌስታል ታቅፌ በሚኒባስ ተመለስኩ። ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ አደልኩ። «ስም አይጻፍም። ፈተና አይደለም። ትክክልና ስሕተት የለውም» አልኳቸው። ጸጥ ብለው ሞሉ፤ ሃያ ደቂቃም አልፈጀባቸው።

ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። የመጀመሪያው ወረቀት ከላይ እስከ ታች በጣም ይስማማል። ሁለተኛውም ይስማማል። «እንግሊዝኛ መማር እችላለሁ» ለሚለው በጣም ይስማማሉ፤ ዝቅ ብሎ «እንግሊዝኛ የመማር ችሎታ የለኝም» ለሚለውም በጣም ይስማማሉ። ፈተናው ችሎታቸውን ያሳያል፣ አያሳይምም። አንድ ደፋር ብቻ አንዷ ዓረፍተ ነገር ላይ «እስማማለሁ» ወደሚለው ዝቅ ብሎ ነበር፤ እሱም ሰርዞ ተመልሷል።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ጮኽኩባቸው። የክፍሉ አለቃ፣ ቀጠን ያለች ልጅ ናት፣ ተነሥታ ቆመች።

«ቲቸር፣ አይቆጡ። እርስዎ ደክመው የጻፉትን እኛ ልጆች ተነሥተን አልስማማም እንበልዎት? ነውር አይደለም? ደግሞ ሳጥኑ ‹በጭራሽ› ይላል።»

«በጭራሽ» ያለችው ስድብ እንደምትጠራ ሁሉ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው። ክፍሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አባቴን በጭራሽ አልስማማም ብዬው አላውቅም።

ለአማካሪዬ ደወልኩላቸው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ብዙ ተማሪ ያስመረቁ፣ ክፋት የሌላቸው ሰው ናቸው።

«ያጋጥማል። የማይጣጣሙትን አውጪና የቀሩትን አስዪ» አሉኝ።

«የሚጣጣም የለም።»

«እንግዲያው እንደገና አስሞዪያቸው። ሲሞሉ አጠገባቸው ሆነሽ አስረጂያቸው።»

አስረጂያቸው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ልጆቹ እኔ የፈለግሁትን ለመሙላት ፊቴን ማየት ይበቃቸዋል። እምቢ አልኩ። «ጊዜ የለሽም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ግንቦት ሊያልቅ ነበር፣ ረቂቁ የሚገባው ሰኔ ላይ ነው። እኔ ግን በሐሰት ከምመረቅ ሳልመረቅ ብቀር ይሻለኛል አልኩና ስልኩን ዘጋሁት። ዘግቼም አለቀስኩ፤ የአራት ክረምት ነገር ነው።

እሑድ አባቴን ልጠይቅ ጅጋ ወረድኩ። ደጅ ተቀምጠን ሳለ የታችኛው ቤት ጎረቤታችን መጡ። በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ስለ እኔ ሥራ ጠየቁ። ከብዙ ጨዋታ በኋላ መሬት መሬት እያዩ እንዲህ አሉ፦

«እንዲያው ዘንድሮ እላይ ሠፈር አንድ ሰው በሬውን ሳያስር እያሳደረ የሰው ጭድ አስጨረሰ አሉ።»

«ወይ ጉድ! ምን ያለው ሰው ነው?» አለ አባቴ። «ዛሬውኑ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነበረበት።»

«እሱን ነው የምል።»

መርቀውን ሄዱ። ገና ከበር ሳይርቁ አባቴ ተነሥቶ አዲስ ጠፍር ይፈልግ ጀመር። በሬው የእኛ፣ ጭዱም የእሳቸው ነበር። ማንም አልተሰደበም፣ ማንም አልዋሸም፣ ነገሩም አለቀ። እኔ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄን አቋርጬ ብድግ አልኩ። ይህን እየሰማሁ አድጌ፣ ለእነዚህ ሰዎች ልጆች አምስት ሳጥን ሠርቼ እቅጩን ንገሩኝ ማለቴ አናደደኝ። መማር እንዲህም ያደነቁራል።

ሰኞ ባዶ ወረቀት ይዤ ገባሁ። «ስለ ራሳችሁ አትጻፉ። ስለ እኔም አትጻፉ። ስለ ሌላ ልጅ ጻፉልኝ። እላይ ሠፈር እንግሊዝኛ የሚማር አንድ ልጅ አለ እንበል። ስለ ቋንቋው ምን ያስባል? ፈተና ሲቀርብለትስ ምን ይሆናል?»

ደወል ተደውሎ አልተነሡም። ተጨማሪ ወረቀት የለመኑም ነበሩ።

እንግሊዝኛ የአስፋልት ዳር ልጆች ነው ብሎ የሚያምን ልጅ መጣ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ በእንግሊዝኛ ተናገር» እየተባለ የሚሳቀቅ ልጅ መጣ። ፈተና ላይ ጥያቄውን ሳያነብ አንዱን ፊደል ብቻ እያከበበ የሚወጣ ልጅ መጣ፤ ምክንያቱንም ጽፈውለታል፣ «አንብቦ ከሚወድቅ ሳያነብ ቢወድቅ ይሻለዋል።» ሲያርስ በሬዎቹን በእንግሊዝኛ የሚያናግር ልጅም አለ፤ በሬ አይስቅም ይላል። እያነበብኩ ደስ አለኝ። ይገባቸዋል! በውስጣቸው የሚሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ያውቁታል።

ከዚያ አንዲት ወረቀት ላይ ደረስኩ።

«ያ ልጅ ዳዊት ደግሟል። ግዕዝ ያነባል። ዘጠነኛ ክፍል እያለ መምህርቱ አስነሥታ እንግሊዝኛ አስነበበችው። የሚያውቀው ንባብ የዳዊት ስለሆነ እየጣለ እያነሣ በዜማ አነበበው። መምህርቱ ሳቀች። እሷ ስትስቅ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ ሌላ ቋንቋ እንደማይሆንለት ያምናል። ፈተና ላይ የሚያውቀውንም ይተወዋል።»

ያን ልጅ አውቀዋለሁ። የሳቅሁት እኔ ነኝ።

ለክፋት አልነበረም። ንባቡ ደስ ብሎኝ ነው ብዬ ለራሴ ተከራከርኩ፤ ሳቅ ግን ያው ሳቅ ነው። ልጁ ከዚያ በኋላ እጁን አውጥቶ አያውቅም፤ እኔም ዝምተኛ ነው ብዬ የተሳትፎ ነጥቡን ከሁሉ ዝቅ አደርግበት ነበር። አፉን የዘጋሁት እኔ፣ ስለ ዝምታው ነጥብ የቀነስኩበትም እኔ። ደግሞ እኮ ሁለተኛ ቋንቋ ተምሯል! ግዕዝ የእናቱ ቋንቋ አይደለም። እኔ በመጻሕፍት የማሳድደውን ነገር እሱ ገና በልጅነቱ ሠርቶት ነው የመጣው። በስብሰባ ላይ ደሜን የሚያፈሉት ሰዎች ቢያንስ ፊት ለፊት ይናገራሉ፤ የእኔ ባሰ።

በነጋታው ክፍል ውስጥ «አንዲት መምህርት በማይሳቅበት ስቃ ዛሬ ታፍራለች አሉ» አልኩ። ልጁን ላለማጋለጥ ነው፤ ለራሴም መሸሸጊያ ነበር። እሱ ቀና አላለም። እጁንም በዚያ ሳምንት አላወጣም።

ረቂቁን በላክሁላቸው ጊዜ አማካሪዬ ዘዴውን እንደ ምንም ተቀበሉት። ስለዚያች ወረቀት ግን፣ መምህርቱ ማን እንደሆነች ሳያውቁ፣ «ይቺን አውጪያት» አሉኝ። «አንዲት ናት፤ ብትቀር ማንም አይጠይቅሽም። መምህር ትከሳለች፤ ማረጋገጫም የላትም። በእሷ የተነሣ ሙሉ ጽሑፍሽን ይጥሉብሻል።» አልዋሽም፤ አወጣኋት። ግማሽ ቀን ያህል ጽሑፌ ያለ እሷ ነበር፣ ምንም አልጎደለውም፣ እንዲያውም አማረበት። እንደዚያ ማማሩ ነው ያስጠላኝ። መልሼ አስገባኋት።

ጽሑፌን በፈታኞች ፊት የተከላከልኩት ነሐሴ ላይ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እየጮኽን ነው የምንነጋገረው። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን አውልቀው ጀመሩ።

«ይሄ ጥናት ሳይሆን ተረት ነው። ስለሌለ ልጅ የተጻፈ ነገር በምን ይለካል?»

«ጌታዬ፣ እኛ አገር ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ ጠያቂውን ያከብራል። ስለ ሌላ ሲጠየቅ ነው እውነቱን የሚናገር» አልኳቸው። «በሳጥኑ የተሞላውንም አባሪ አድርጌዋለሁ። የትኛው ተረት እንደሆነ አይተው ይፍረዱ።»

አማካሪዬ በዓይናቸው ቀስ በይ አሉኝ። ፈታኙ ገጹን ገለጡና የዳዊቱን ልጅ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ለምሳሌ ይሄ። ልጁ ፈጥሮት ቢሆንስ? መምህርቱ ለመሳቋ ምን ማረጋገጫ አለሽ?»

የለኝም ብል ገጹን አውጪ ይሉኛል፣ አወጣለሁ፣ ይፈርሙልኛል፣ ዲግሪዬን ይዤ ቡሬ እገባለሁ። ሁሉም ነገር እዚያች አንዲት ቃል ላይ ቆመ።

«አለኝ» አልኩ።

«ምን?»

«መምህርቱ እኔ ነኝ። ስቄበታለሁ።»

አማካሪዬ አንገታቸውን ደፉ። ፈታኙ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ለመጀመሪያ ጊዜ ገጹን ትተው እኔን አዩኝ።

«እና ይሄ በጽሑፍሽ ላይ እንዲቀር ትፈልጊያለሽ? ስምሽ ሽፋኑ ላይ እያለ?»

«አዎ፣ ይቀራል» አልኳቸው። «ሊጥሉኝ ከፈለጉ እሱን ይዘው ይጣሉኝ።»