በእግሩ የሚበላው እንስሳ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ፣ "እማማ፣ ይኼን እዪ" አለችኝ። ባሕር ውስጥ ካለ ድንጋይ ላይ የተጣበቀ ነጭ ቅርፊት ክዳኑን እየከፈተ፣ ላባ የመሰሉ ነገሮች ያወጣል፣ ያስገባል። "እግሮቹ ናቸው፤ የሚበላው በነሱ ነው" አልኳት። ባሕር በዓይኔ ዐይቼ ስለማላውቅ ልጅቱ ተገረመች።

ይህን የተማርኩት አሶሳ ነው፤ ከወሎ አምጥተው ባሰፈሩን በዓመቱ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናትና አባታችን በድርቁ ስላለቁ፣ የቀረነው እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ብቻ ነበርን። ትምህርት ቤቱ የቀርከሃ ዳስ ነው። ዝናቡ ገና አላባራም ነበርና ጭቃው እግር ይውጣል። መምህራችን ምጽዋ ያደጉ ሰው ነበሩ፤ ሰሌዳው ላይ ሥዕሉን ሠርተው እንዲህ አሉን፦ "ይህ እንስሳ በልጅነቱ እንደ ልቡ ይዋኛል። አንድ ቀን ግን ጭንቅላቱን ድንጋይ ላይ ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ የትም አይሄድም። እግሮቹ ውሃው ያመጣለትን ምግብ መልቀሚያ ይሆናሉ።"

ከኋላ አንዱ "እንደኛ ነዋ" አለ። ሳቅን። መምህሩ ግን አልሳቁም፤ ሥዕሉን ቶሎ አጠፉት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ምግብ ሰልፍ ሄድኩ። ያኔ በየቤቱ ማብሰል የለም፤ መንደሩ በሙሉ የሚበላው ከአንድ ወጥ ቤት ነበር። የበቆሎ ገንፎ፣ ቅቤ ያልነካው፣ ብዙውን ጊዜ ያረረ። ሦስት ሰው ሲቀረኝ ሰይድ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ያለ ፈቃድ ከመንደሩ መውጣት ክልክል ነበር፤ እኔና እሱ ለመጥፋት ከተማከርን ሰንብተናል፤ የሚመች ቀን ነበር የምንጠብቀው።

"ጠባቂዎቹ ስብሰባ ገብተዋል። ነይ፣ አሁን ነው" አለኝ።

"ተራዬ ደርሷል። ተቀብዬ ልምጣ።"

"ተይው፣ ዘይነባ። መንገድ ላይ እንበላለን።"

"ትንሽ ብቻ ጠብቀኝ።"

ጠበቀኝ። ለሁለት ሰው እስኪጨለፍ አጠገቤ ቆመ። ሰልፍ አስከባሪው ወደ እኛ ማየት ሲጀምር ግን ቀስ ብሎ ሄደ። ገንፎዬን ይዤ ስዞር ከመንደሩ ዳር ያለው ረጅም ሣር ጋ ደርሶ ነበር። ብከተለው እደርስበት ነበር። ቆሜ በላሁ፤ ሳህኑን በጣቴ ጠረግኩ። ቀና ስል የለም።

ወደ ሱዳን ይሁን ወደ ወለጋ፣ የሄደበትን የሚነግረኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ያን ቀን አላለቀስኩም፤ ኋላም እንባ አልመጣልኝም። እዚሁ አሶሳ አግብቼ ወለድኩ፤ ኑሮዬ ደህና ነው። ሰው "ለምን አብረሽው አልሄድሽም?" ሲለኝ "ፈራሁ" እላለሁ፤ ለፈራ ሰው ይታዘንለታል። አልፈራሁም ነበር። ርቦኝ ነበር፤ ተራዬም ደርሶ ነበር።