«ፈትሽ» ያልኩት ውሻ

ወደ ግቢያችሁ ስትገቡ የሞቀ ወሬ ድንገት ተቋርጦባችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል። ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ከጀመረበት ከታኅሣሡ ተኩስ በኋላ ባለው ዓመት ነው። ቀን የሐበሻ ነጋዴዎችን ልጆች አማርኛና ሒሳብ አስተምር ነበር፤ ጠዋት ከሥራ በፊት ደግሞ ውሻዬን። ወሬውን የሚያቋርጠው የጠዋቱ ትምህርት ነበር።

ውሻው በተኩሱ ሰሞን የሸሹ ጎረቤቶች ጥለውት የሄዱት ነው። አማርኛ አያውቅም፤ በጁባ ዓረብኛ «ታል» ሲሉት ይመጣል፣ ከዚያ ያለፈ የተማረው ነገር የለም። አፍንጫው ግን ሥራ አይፈታም ነበርና እሱን ላሠለጥነው ወሰንኩ።

በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ባዶ የወተት ጣሳዎች ደፍቼ በአንዱ ሥር ቁራጭ ሥጋ ደበቅሁ። በሁለተኛው ሳምንት በሥጋው ፋንታ ካልሲዬን አስቀመጥኩ፤ ካልሲውን ሲያገኝ ሥጋውን ከእጄ ይበላል። ከዚያ ዱካ መከተል መጣ። ካልሲውን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ ሄጄ ከአከራያችን መስኮት ሥር ካለው የውኃ በርሜል ጀርባ እደብቀዋለሁ፣ እሱ አፍንጫውን አፈር ላይ ተክሎ በሄድኩበት ይሄዳል። ሲያገኝ መጮኽ የለበትም፤ እዚያው ጋደም ይላል። የትእዛዙ ቃል «ፈትሽ» ነበር። በአማርኛም በዓረብኛም ስለሚቀራረብ ለሁለታችንም ይቀላል ብዬ ነው የመረጥኩት።

ለጎረቤቶቼ ግን አልቀለላቸውም። በዚያ ዓመት ይህ ቃል ወታደሮች በየኬላው የሚጮኹት ቃል ነበር። ከክፍሌ ፊት ለፊት የሚኖሩት፣ ጁባ ታውን ውስጥ ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡት ሐጂ፣ ውሻው ባለፈ ቁጥር ሽርጣቸውን ይሰበስባሉ። አንድ ቀን ለማን እንደማሠለጥነው ጠየቁኝ። ለማንም እንዳልሆነ፣ ለራሴ ደስታ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ይሁን» አሉ። አባባላቸው ግን አላመንኩሽም የሚል ነበር።

በዚህ መሐል አከራያችን፣ እትዬ የምንላቸው፣ ወባ ይዟቸው ሦስት ቀን ተኙ። ሲነሡ ፓስፖርታቸው የለም። ይጠቀለልበት የነበረው አሮጌ ነጠላ ብቻ ታጥፎ ትራሳቸው ሥር ተገኘ። ተኩስ ዳግም ቢነሣ ከአገር መውጫው ያ ፓስፖርት ነው፤ ስለዚህ ማንም ነገሩን አላቀለለውም። በሕመማቸው ጊዜ ክፍላቸው ስትገባ ስትወጣ የነበረችው ምግብ አብሳያቸው ብቻ ናት። በትርፍ ጊዜዋ የሁላችንንም ልብስ ታጥባለች፤ የምትኖረውም ግቢው ጥግ ባለችው ክፍል ነው።

ሐጂ ድሮ በአገራችን ስለነበረው ሌባሻይ አነሡ። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ መንደሩን ይዞራል፤ ከደጃፉ የወደቀበት ሰው ሌባ ይባላል። እትዬ ይህን ሰምተው ነጠላውን ይዘው መጡ።

«ቲቸር፣ ይሄን አስሽትቺውና እስቲ ይናገር።»

ውሻ ሽታን እንጂ ጥፋትን እንደማያውቅ አስረዳሁ። ግን አስሸተትኩት። አፍንጫው ምን ያህል እንደሠለጠነ እንዲያዩልኝ ፈልጌ ነበር።

ውሻው ነጠላውን አሸተተ፤ «ፈትሽ» አልኩት። በልብስ ማስጫው ገመድ ሥር ዞረ፣ ግቢውን አቋረጠ፣ ከምግብ አብሳይዋ በር ላይ ጋደም አለ።

«ወደቀ» አሉ ሐጂ፣ ቀስ ብለው።

እትዬ ድምፃቸውን ሳያነሡ እስከ ማታ ክፍሉን እንድትለቅ ነገሯት። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ እንጂ እኔም አመንኩ። ባለፈው ሳምንት የመኖሪያ ፈቃዴን የት እንደማስቀምጥ የጠየቀችኝ ትዝ አለኝ። ያን ዕለት የራሷን የምታስቀምጥበት ቦታ ጨንቋት ምክር መጠየቋ ነበር፤ አሁን ግን ሌላ መሰለኝ። ጥርጣሬ አንዴ ከገባ ያለፈውንም ነገር ወደ ኋላ ሄዶ ያበላሸዋል።

ፍራሿን ጠቅልላ በአጠገቤ ስታልፍ ቆመች።

«ቲቸር፣ ያን ነጠላ ማን ያጠበው ይመስልሻል?»

ያኔ ገባኝ። ትኩሳቱ ያራሰውን አንሶላና ነጠላ በአንድ ላይ አጥባ፣ አስጥታ፣ አጥፋ ትራሱ ሥር የመለሰችው እሷ ናት። በነጠላው ላይ ካለው ሽታ ሁሉ አዲሱ የእጇ ነው። ውሻው ያገኘው ያስሸተትኩትን ነው፤ ጥያቄውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

ሁሉንም መልሼ ሰበሰብኳቸው። ያን ሰሞን ያጠበችልኝን፣ ገና ያልተኛሁበትን የትራሴን ልብስ አመጣሁ። ይህ የኔ ነው፣ የተሰረቀም የለም፣ ውሻው ወዴት እንደሚሄድ እዩ አልኩና እትዬ መስኮት ሥር ቆሜ «ፈትሽ» አልኩ። በገመዱ ሥር ዞረ፣ እዚያው በር ላይ ሄዶ ጋደም አለ። ስለ እጅ ሽታ ማስረዳት ስጀምር እትዬ ከመካከላችን የሉም። ክፍላቸው ገብተዋል። ከአልጋቸው ሥር ባልዲ ሲጎተት ተሰማ።

ሲወጡ ፓስፖርቱ በእጃቸው ነበር፣ ሽሮ እንደለበሰ።

«በትኩሳት ተኝቼ ወታደር የገባ መስሎኝ ነበር» አሉ። «መስኮቴ ሥር ‹ፈትሽ፣ ፈትሽ› ሲል ሰማሁ። ከነጠላው አውጥቼ የሽሮው ባልዲ ውስጥ ከተትኩት መሰለኝ። ቃሉን አሁን እዚያው መስኮቴ ሥር ስሰማው ነው የመጣልኝ።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ሌባሻዩ መውደቅ የነበረበት አንቺ በር ላይ ነዋ።»

የሣቀ ሰው ነበር፤ ምግብ አብሳይዋ ግን አልሣቀችም። እትዬ ይቅርታ ጠይቀዋት ፍራሹን ራሳቸው ወደ ክፍሏ መለሱ። እኔም ይቅርታ ለመንኳት። ይቅር ብያለሁ አለችኝ፤ ልብሴን ግን ከዚያ ወዲያ ራሴ አጠብኩ። ውሻውም ሲመጣ በሯን ትዘጋበታለች።

ትእዛዙን «ፈልግ» ወደሚል ለወጥኩት። ውሻው በአራት ቀን ለመደው። የግቢው ሰው ግን እስክለቅ ድረስ፣ እኔ ብቅ ስል ድምፁን ዝቅ ማድረጉን አልተወም።

ውሻ ካላችሁ እስቲ ሞክሩት፦ ሦስት ጣሳ፣ አንድ ካልሲ፣ ትንሽ ሥጋ። ካልሲው ግን የራሳችሁ ይሁን፣ የታጠበውም በራሳችሁ እጅ። ቃሉን ከመምረጣችሁ በፊትም ከጎረቤታችሁ መስኮት ሥር ቆማችሁ አንድ ጊዜ በሉትና፣ ውስጥ ያለው ሰው ምን እንደሰማ ጠይቁት።