«ባትሪውን አውጥተውታል?»

ትናንት ከሰዓት የሆነውን ቸኩዬ ነው የምጽፈው፤ የፊደል ግድፈት ካያችሁ እለፉኝ።

የምሠራው እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ውስጥ ነው። እኔና ሰሚራ በርና መስኮት በዱቄት ቀለም እንቀባለን። ዱቄቱ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይለጠፋል፤ ከዚያ ኦቨን ገብቶ ሲግል ይቀልጥና ቀለም ይሆናል። ሰሞኑን ደግሞ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ዱቄት አግኝተን የእጅ ባትሪ መቀባት ጀምረናል። መብራት ሲጠፋ ባትሪውን ለመፈለግ ሌላ ባትሪ የሚያስፈልገው ቤት መቼስ ብዙ ነው።

ጋሽ ዱካሞ የሚባሉ ጡረተኛ ዘንቢል አንጠልጥለው መጡ። ባለቤታቸው ባለፈው መብራት ሲጠፋ ባትሪ ፍለጋ በዳበሳ ስትሄድ ወድቃ ወገቧን ተጎድታለች። «ከጨለመ በኋላ ከአልጋ መውረድ ፈርታለች ልጄ። የት እንዳለ ከተኛችበት እንድታየው አድርግልኝ» አሉኝ። አንጀቴን በሉት።

ያመጡትን የእጅ ባትሪ መስታወትና አምፖል ሰፈራቸው ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ፈትቶላቸዋል፤ አፉንም ቀለም እንዳይገባበት በፕላስተር ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል።

ሰሚራ ከውስጥ ሆና «ባትሪውን አውጥተውት እንደሆነ ጠይቃቸው!» አለች።

«ጋሼ፣ ባትሪውን አውጥተውታል?»

«አዎ፣ አውጥቼዋለሁ» አሉ፣ ዘንቢላቸውን እያጠፉ።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ። ከበድ ሲለኝ የድሮ ብረት ስለሆነ ነው አልኩ። አሸት አሸት፣ ጠረግ ጠረግ አድርጌ ለሰሚራ ሰጠኋት፤ ዱቄቱን ነፋችበት፤ ኦቨን ገባ።

ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ ጋሽ ዱካሞ ድንገት ዞር ብለው...

«ልጄ፣ ድንጋዩ ግን ሙቀቱን ይችለዋል?»

«የምን ድንጋይ?»

«የባትሪው ነዋ! አዲስ ገዝቼ ነው የከተትኩበት።»

ከወንበሩ ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። «አውጥቼዋለሁ አላሉኝም እንዴ?»

«አወጣሁት እኮ! ከዘንቢሉ!»

ለካ ለእሳቸው ባትሪ ማለት ራሱ ዕቃው ነው፤ ውስጡ የሚገባው ድንጋይ ይባላል። እናቴም እኮ እንደዚያ ነው የምትለው! ምን ነክቶኝ ነው?

ሮጬ መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋሁ። ኦቨኑ ግን ማብሪያ ስለተዘጋ ብቻ ወዲያው አይበርድም። ሰሚራ እጄን ይዛ «በሩን እንዳትነካው!» ብላ ወደ ውጭ ጎተተችኝ። ሦስታችንም ከመንገዱ ማዶ ቆምን። እኔ መቆም አቃተኝ፤ ወዲያ እላለሁ፣ ወዲህ እላለሁ፤ በአጠገባችን ባጃጅ ባለፈ ቁጥር እበረግጋለሁ።

ጧ!

«ተመስገን፣ አለፈ!» አልኩና ልሻገር ስል ጋሽ ዱካሞ ኮቴን ጨመደዱት።

«ሁለት ድንጋይ ነው የሚበላው» አሉኝ፣ ዝግ ብለው።

ሁለተኛውን ጠበቅን... ዝም። አሁንም ዝም። በሕይወቴ ፍንዳታ ናፍቄ አላውቅም፤ ትናንት ግን «ምናለ ቢፈነዳና ብንገላገል!» አልኩ። ሰሚራ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ታደርጋለች። ምናልባት አንዱ ሳይፈነዳ ቀርቶ ይሆናል ብዬ አንድ እግሬን አስፋልቱ ላይ ሳደርግ...

ጧ!

ሲበርድ በሩን ከፈትነው። የባትሪው ቂጥ ተገንጥሎ የኦቨኑን ግድግዳ አጎድጉዶታል። ፊታችን እዚያ ቢሆን ኖሮ ብዬ የጎደጎደውን በጣቴ ዳበስኩት። ያ የተቀደደ ብረት ግን ከኦቨኑ ጨለማ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ብሎ ያበራል።

ጋሽ ዱካሞ አጎንብሰው አዩትና «ይኸው! ድንጋይም አላስፈለገው!» ብለው ሳቁ። ሰሚራም ሳቀች። እኔ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ነው የወጣኝ።

ለራሴ ቀብቼው የነበረውን ባትሪ ሰጠኋቸው። ከመሄዳቸው በፊት ማብሪያውን አሳየኋቸው፤ ማታ ደውለው ባለቤታቸው ራሷ ከአልጋ ወርዳ እንዳነሳችው ነገሩኝ። ትንሽ ተነፈስኩ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የእጅ ባትሪ ይዞ መጣ። ተምሬያለሁ አይደል? ኮራ ብዬ «ድንጋዩን አውጥተኸዋል?» አልኩት።

ግራ ገብቶት አየኝ። ባትሪውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። «ኧረ ብሮ፣ ምንም ድንጋይ አልገባበትም!»

ከፈትኩት። ባትሪው ውስጡ ቁጭ ብሏል።

ከእንግዲህ ማንንም አልጠይቅም። በአንዱ ጫፍ አጮልቄ በሌላው ጫፍ የባለቤቱን ፊት ካላየሁ፣ ኦቨን የሚባል ነገር የለም።